ሲያልቅ የሚቀበር ደብተር

አያቴ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች መካከል ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከእርሻ ሲመለሱ የውሎአቸውን ይጽፉ ነበር፤ አማርኛውን በአረብኛ ፊደል። የዝናቡን፣ የበሬውን ሕመም፣ የመጣውን እንግዳ፣ ያዩትን ሁሉ። ዛሬ ከቤተሰባችን ይህን ጽሑፍ የምታነበው አንዲት አክስቴ ብቻ ናት። ፊደሉን ያስቆጠሯትም አባቷ ራሳቸው ናቸው። እሷንም አሁን የዓይን ሞራ እየጋረዳት ነው። ስለዚህ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ስልኬ ላይ በሀ ሁ እጽፋለሁ።

ገና ስንጀምር ቃል አስገብታኛለች። በየገጹ አናት ላይ ቢስሚላህ አለበት፤ ወረቀቱን ደግሞ ብል ጨርሶታል። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ሲያረጅ አይጣልም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል።

«ገልብጠን ስንጨርስ ከመስጊዱ ግንብ ሥር እንቀብረዋለን» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እኔ የፈለግሁት ቃሉን ነበር፤ ብል የበላ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?

የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ጣቴ እስኪዝል ድረስ ገጽ በገጽ ላይ እያስከተለች ታነብልኝ ነበር። ደብተሩ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ግን ነገሩ ሁሉ ተንቀረፈፈ። አንድ መስመር ታነብና መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ስትወለውል ትቆያለች። «ለግሸን የሚሄዱ እንግዶች አደሩ፤ እግራቸውን አጠብን» የሚለውን ካነበበች በኋላ፣ ከእንግዶቹ አንዷ በሶ በጥብጣ እንዴት እንዳጠጣቻት ማውራት ጀመረች። ቀኑ በዚሁ አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሷን አሟት ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለቅሶ ነበረባት።

እኔ ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የለኝም። እግሬ ወለሉን ይደበድባል፣ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። ፈርቼም ነበር፤ ሳንጨርስ ዓይኗ ቢጠፋስ? ገጾቹን ፎቶ አንስቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን ለአንድ የመስጊድ መምህር ሳሳየው «ቀለሙ ለቋል፤ የአያትህን እጅ ጽሑፍ ያልለመደ ሰው አያነበውም» ብሎ መልሶልኛል።

«እቴቴ፣ ኧረ ቶሎ ቶሎ በይ!»

«አብሽር ልጄ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላልን ደግሞ እንዳትተርቺብኝ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

ከልቧ ሳቀች። ገጹን ግን አልገለጠችውም። እኔም ተናድጄ ወጣሁ፤ እስከ ደሴ ድረስም አልበረደልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የቀረን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ስገባ መደቡ ላይ ታጥቦ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አየሁ። አክስቴ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽፋኑን በመዳፏ ትዳብሳለች።

«ምነው?» አልኳት።

«አንተማ ስልክህ ውስጥ ታስገባዋለህ። እኔ ሳነበው የአባዬ ድምፅ ይሰማኛል። ወላሂ፣ አንዴ ቀብሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ልቀብረው ነው።»

ሰነፈች ብዬ ስናደድባት፣ እሷ ለካ አባቷን ትንሽ እያቆየች ነበር።

ይሁን እንጂ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። የመጨረሻው ቀን ውሎ አጭር ነው። «ዛሬ ጉም ነው። ጉልበቴን አሞኛል። ነገ፣ ኢንሻአላህ፣ የበቆሎውን አረም እጨርሳለሁ።» ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጣራል። እግሬ እንደ ልማዱ ወለሉን ይደበድባል።

«ጻፍከው?» አለችኝ።

ጽፌዋለሁ። አራት ነጥቡን እንኳ አድርጌያለሁ።

«አልሰማሁሽም፣ እቴቴ» አልኳት። «እስኪ ከላይ ጀምረሽ ድገሚልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያም ጣቷን ወደ ገጹ አናት መልሳ «ቢስሚላሂ» አለች።