እናቴ ሳይክል የተማረችበት ሁዳዴ

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር የምንገናኝ አንድ ወጣት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ሳይክሉን እየገፋ ሲወጣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው የጎማው ድምፅ በበሬ ስር ሾልኮ ይቀሰቅሰኛል፣ እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ ውስጥ ከእናቴ ኋላ እሮጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁጣጣሽ ነው። እማዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፣ በዚያ ዓመት አርባ አምስት ሞልቷት ነበር፤ ዶሮው ተበልቶ እንዳበቃ እጇን ታጥባ ተመልሳ ተቀመጠችና «ዕድሜ ልኬን ትናንት ያደረግሁትን ነው ዛሬም የምደግመው። ከእንግዲህ በየወሩ አንድ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደርጋለሁ» አለች። አባባ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ በገዛ ቤቱ እንኳ ከለመደው ወንበር ሌላ ላይ የማይቀመጥ ሰው ስለነበር የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልቀለደችም። በጥቅምት ብቻዋን ሲኒማ ገብታ ወጣች፣ በኅዳር ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችውን የሆቴል ሊፍት እያማተበች ገብታ እስከ መጨረሻው ፎቅ ወጥታ ወረደች፣ በታኅሣሥ ዓሣ ከነአጥንቱ ገዝታ ራሷ ሠርታ አበላችን። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ችለናት ነበር።

የካቲት ላይ ግን «ሳይክል እማራለሁ» አለች፣ ያኔ ቤቱ ተናጋ። በሰፈራችን እንኳን የልጆች እናት ልጃገረድም ሳይክል አትነዳም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ኧረ ጉድ፣ ያውም በፆም! ካረጁ አይበጁ አሉ!» ብላ በአጥር ላይ ሳቀችባት፣ እኔም በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባባ ሦስት ቀን አኩርፎ ሲያበቃ እንደ ጸሐፊነቱ ውል ይዞ መጣ፦ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከበራችን እስከ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ሳትወድቅ ከደረሰች ዳግመኛ ምንም ላይናገራት፤ ከወደቀች ግን ይሄ በየወሩ አዲስ ነገር የሚሉት ጣጣ ሊያበቃ። እማዬ ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለችው።

ጋሽ ሙዘይን ከሱቁ ጎን የሚያከራያት አሮጌ ሳይክል ነበረችው። ሁዳዴውን በሙሉ ሰማዩ ገና ሳይነጋጋ እማዬ የአባባን አሮጌ ሱሪ ከቀሚሷ ስር ታጠልቅና እኔን ቀስቅሳ ይዛኝ ትወጣ ነበር፣ እኔም ኮርቻውን ከኋላ ጨብጬ እሮጥ ነበር፣ ልትቆም ስትል ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ እጎትታት ነበር። መጀመሪያ ላይ አኩርፌ ነበር የማግዛት። አንድ ቀን ግን ጉልበቷ ተልጦ ደም እየወረደ ሳቀች፣ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፣ የእኔ እናት ሳትሆን ሌላ የማላውቃት ልጅ ነበረች የሳቀችው። ወይ እማዬ! ከዚያ ቀን ወዲህ ቀድሜያት መነሳት ጀመርኩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው በየደጁ ቆሞ ነበር። እማዬ ዓይኗን በጨው አጥባ ቀሚሷን ትታ በሱሪ ወጣች፣ አማተበች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ እኔም ከበራችን ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሄደች! ወዲህ ወዲያ ሳትል ቀጥ ብላ ሄደች፣ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ደረሰች፣ ሰው አጨበጨበ፣ እሷ ግን ሱቁን አልፋ ቀጠለች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳይክሏ ፍሬን የላትም፤ የሰፈሩ ልጆች በጫማቸው ጎማውን እየረገጡ ነበር የሚያቆሟት፣ ለእማዬ ለካስ ፍሬኗ እኔ ነበርኩ፣ ይህን ደግሞ ሁለታችንም አንድ ቀን አስበነው አናውቅም።

ቁልቁል ወደ ኡራኤል ተሰወረች። እትዬ ዘነበች ኡኡታዋን አቀለጠችው፣ ኡኡታውን ሰምተው ነገሩን ያላወቁት ሴቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየቤታቸው እየወጡ ማልቀስ ጀመሩ፣ አባባ በነጠላ ጫማ ሮጠ፣ አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ፣ እኔም እያለቀስኩ ተከተልኩት። ዳገቱን ሳይክሏን እየገፋች ስትወጣ አገኘናት፣ ፀጉሯ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ነበር። ያየ ሰው አልነበረም፤ ብትዋሽ ማን ያውቅባት ነበር?

«ወድቄያለሁ» አለችው ቀድማ። «ከአሸዋ ክምር ጋር ነው የተላተምኩት። ውል ውል ነው።»

አባባ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ቆሞ በክርኑ እንባውን ጠረገ። «ውላችን እስከ ሱቁ ነው» አላት። «ከሱቁ ወዲያ ያለው እኔን አይመለከትም።» ሳይክሏን ተቀብሏት ሰፈሩ ሁሉ እያየ እስከ ቤት ገፋት። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወሩ በባተ ቁጥር «የዚህ ወርስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ነበር።

ያ ሰፈር ዛሬ የለም፣ ፈርሶ ሰፊ መንገድና መናፈሻ ሆኗል፣ አባባም አርፏል። ዘንድሮ እኔ አርባ አምስት ሞላኝ። እማዬን ባሏም፣ ጎረቤቷም፣ ፆሙም፣ እኔ ልጇም ጭምር እንከለክላት ነበር፣ እሷም ያን ሁሉ አልፋ ሄደች። እኔን አትሂጂ የሚለኝ አንድም ሰው የለም። ይኸው ግን በወር ሠላሳውንም ቀን ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ እመላለሳለሁ፣ ባለፈው እሑድ እማዬ «አንቺስ በዚህ ወር ምን አዲስ ነገር አደረግሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።