የመምህሩን ወገብ የረገጥኩበት ሳምንት

ሲይዙኝ ነጭ ጋውን ለብሼ የአንዲት እናት ጉልበት እያጠፍኩ ነበር። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ለአምስት ደቂቃ የምሄድ መስሎኝ ሴትየዋን «እስከ አሥር ይቁጠሩና ይዘርጉት» ብያቸው ወጣሁ። የቆየሁት ሰባት ወር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ጥፋቴ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገሬ ነበር። ያስገቡኝ ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ የስልሳ ሰው እግር። ከቆርቆሮው ሙቀት ይወርዳል፤ ሰው በተነሳ ቁጥር የቀረው የሲሚንቶ ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል።

ካቦው፣ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። ፊዚዮቴራፒስት እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ምንድነው እሱ?»

«ወገብና መገጣጠሚያ የታመመ ሰው በእንቅስቃሴ እናክማለን።»

«እንግዲያው ዶክተር ነሃ!» ብሎ ለሁሉም አስተዋወቀኝ። አይደለሁም አላልኩም። ስሙ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው የአንድ ሰው ትከሻ ያሻሉ። ሃና ማርያም አካባቢ ስማቸው የታወቀ ወጌሻ ናቸው። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «የሚፈለግ ሰው እግር ጠግኜ» ይላሉ። ሁሉም «አባባ» ነው የሚላቸው። ስንቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሳቸው ነው፤ አየር የሚገባበት የበሩ ጎንም የእሳቸው ነው። የሚያሹት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «እፎይ… እጅዎን ይባርከው» ሲል አንጀቴ እርር ይል ነበር። ምን እንደነበረ አልደብቅም፤ ቅናት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ አንድም በሽተኛ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የእኔ በሽተኛ የሚለኝ «ይሄን ሁሉ መሥራት አለብኝ?» ነው።

ፉክክራችን የለየለት በመምህሩ ወገብ ነው። መምህሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሲያመጧቸው ከካሚዮን ላይ ሲዘሉ ወገባቸው ቀጭ ብሎ፣ ህመሙ በቀኝ እግራቸው እስከ ተረከዝ ይወርዳል። ሐሙስ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው። በዚያ ቤት ደንብ ደግሞ ካሚዮኑ ላይ በራሱ መውጣት ያልቻለ ሰው «ታሟል» ተብሎ ይቀራል። ቀጠሮው ለመቼ እንደሚዞር የሚነግረው የለም። የመምህሩ እንዲህ ሆኖ ሁለት ጊዜ አልፏል።

እሁድ ዕለት እኔ ቀደምኩ። በሆዳቸው አስተኝቼ፣ መጀመሪያ በክርናቸው፣ ቀጥሎ በመዳፋቸው እየገፉ ደረታቸውን ብቻ ከወለሉ እንዲያነሱ አደረግኩ። ስድስተኛው ላይ «እግሬን ለቀቅ አድርጎኛል፤ ወገቤ ግን ባሰበት» አሉ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። እንዲህ ያለ ህመም ከእግር ለቆ ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ጥሩ ምልክት ነው። ይህንኑ ለክፍሉ በሙሉ እንደ አስተማሪ አስረዳሁ። ካቦው አዳምጦ ሲጨርስ «ወገቤን ላለህ ሰው ወገቡን አብሰህበት ደስ አለህ?» አለኝ። ስልሳ ሰው ሳቀ።

መምህሩ ወደ አባባ ዞሩ። አባባ ከስንቅ የተረፈ ዘይት በመዳፋቸው አሙቀው፣ በአውራ ጣታቸው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ቁልቁል ወረዱ።

«ሞቼ ነበር እኮ፣ አባባ!» አሉ መምህሩ።

«አይነቃነቁ። እንዲሁ ጋደም ብለው ይቆዩ።»

ያናደደኝ ማስተኛታቸው ነው። እንዲህ ያለ ወገብ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ ይገተራል። ይህን ስናገር አባባ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የተሰነጠቀ ዕቃ ይወዘወዛል?» አሉኝ። አሁንም ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት መምህሩ ቢብስባቸው ደስ ባለኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ማክሰኞ ህመሙ ተመልሶ ተረከዝ ደረሰ። አባባ እጃቸውን ጠራርገው «ይሄ ቅጭት በእሽት ብቻ አይለቅም፤ መንታ ይርገጠው። ከእናንተ መሀል መንታ አለ?» አሉ።

እኔ መንታ ነኝ። እህቴ በጥቂት ደቂቃ ትቀድመኛለች። ልጆች ሳለን ወገብ ርገጡ እየተባልን ያልገባንበት የጎረቤት ቤት የለም። ከተማርኩ በኋላ ግን አፍሬበት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እጄን አላወጣሁም። ዕውቀቴን የናቁ ሰዎች እግሬን እንዲያከብሩት አልፈለግኩም።

ከወዲያ ጥግ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ተነሳ። ዘጠና ኪሎ አያንስም። «መንታ እንኳን አይደለሁም፤ ግን በእግሬ ነው የተወለድኩት። እሱም ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። መምህሩ ሸሚዛቸውን ገልጠው ተኝተዋል። ያ ክብደት እዚያ ወገብ ላይ ቢያርፍ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ቁጭ በል» አልኩት። «መንታው እኔ ነኝ።»

«ዶክተሩ?» አለ ካቦው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምን ያለፋህ ነበር?»

የግራ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ በቀኙ ሦስት ጊዜ ነካኋቸው። ክብደቴን አላሳረፍኩም። ከዚያ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ዋሸሁ።

«መንታ የረገጠው ሰው ዝም ብሎ አይነሳም። በመዳፉ እየገፋ አሥር ጊዜ ደረቱን ያነሳል። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ጠዋትና ማታ፣ እስረኛ ከተቆጠረ በኋላ ይደግመዋል። መተኛት አይፈቀድለትም። አለዚያ ይመለስበታል። በእኛ አገር ደንቡ ይሄ ነው።»

ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። እንዲህ ያለ ደንብ በየትኛውም አገር እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እግሬንም አይተውታል። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ረስቼው ነው። አሥር ጊዜ ነው።»

እሁድ በስድስቱ ያማረሩት መምህር አሥሩን ያለ አንዲት ቃል ጨረሱ። ረቡዕ ህመሙ ከጉልበት በላይ ቀረ። ሐሙስ ጠዋት የካሚዮኑ የኋላ በር ሲከፈት ካቦው እጁን ዘረጋላቸው። «ተወኝ፣ ራሴ» አሉት። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጎማውን ረግጠው ወጡና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከመሄዳቸው በፊት የአባባን እጅ ስመዋል፤ እኔን «እግርህ ይባረክ» ነው ያሉኝ። እግርህ! በዋስ ተፈተው ወደ እኛ አለመመለሳቸውን ስንሰማ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አባባ በክፍሉ ጥግ ወዳለው የውሃ በርሜል ጠሩኝ።

«ያን ደንብህን እስቲ ቀስ ብለህ አሳየኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ወገብዎን ያምዎታል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«ወገቤን ለሚል ወጌሻ ማን ጀርባውን ይሰጣል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስንቱን ሳሽ እኔን የሚያሽ እጅ አላገኘሁም። ያንተው ደግሞ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነው። መምህሩን አየሁ።»

በርሜሉን ተደግፈው ሲነሱ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። አንድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ በሦስት ጊዜ ነው ቀጥ የሚሉት። ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ ማየት ሙያዬ ነው። ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም፤ ያየሁት ግን እጃቸውን ብቻ ነበር።

ጋቢዬን ልብስ በምናሰጣበት ገመድ ላይ ዘርግቼ ጋረድኳቸው። ካቦው «እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ሲጮህ «አባባ እሽት እያስተማሩኝ ነው» አልኩት። በሆዳቸው ተኙ። እኔም አጠገባቸው ተኛሁና አብረን ገፋን።

ዛሬ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የራሴ ትንሽ የሕክምና ክፍል አለችኝ። በሽተኞቼ አሁንም «ይሄን ሁሉ?» ይሉኛል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ወጌሻ አሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ በራቸው ላይ ሰልፍ ነው። በመስኮት እያየሁ ስቀና እውላለሁ፤ ምቀኛ አያሳጣቸው። ባለፈው ሳምንት መንገዱን ተሻግሬ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ «እማማ፣ እርስዎንስ የት ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «አውራ ጣቴን» አሉኝ።