ከታፔላው የወደቀችው ፊደል

ወንድሜ ከማል ከሱቁ ታፔላ ላይ የወደቀችውን የዋንዛ ፊደል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። ገና ጠርዟን ስዳብሰው ከራጉኤል ጀርባ የነበረው የአባባ ሱቅ መጣብኝ።

አባባ በሞተር የሚሠራው ቀጭን መጋዝ ፊት ያስቀምጠኝና፣ «ከሪማ፣ እንጨቱን አትግፊው። ጣትሽን ከጥርሱ መንገድ አርቂና ቀስ እያልሽ አዙሪው» ይለኛል። ከበርበሬ በረንዳ የሚመጣው ብናኝ አፍንጫዬን ሲኮረኩረኝ ደግሞ፣ «ሳታስነጥሺ መጋዙን አጥፊ!» ብሎ ይጮህብኛል። ለአዲሱ ታፔላ «የእንጨት ሥራ» የሚሉትን ፊደላት በሙሉ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። አባባ አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸውና፣ «እጅሽ ወርቅ ነው። ግን ምን ያደርጋል!» አለ። ሙገሳ መስሎኝ ፈነደቅሁ። «የባለቤቱን ስም እኔው እቆርጠዋለሁ» ሲለኝም የማን ስም እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም።

ታፔላው ተሰቀለ። «ከማል የእንጨት ሥራ» ይላል። ከማል ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር።

«እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥልኝ ሰው ታውቂያለሽ?» አለኝ ዛሬ፣ ፊደሏን ወደ እኔ እየገፋ። «ሁሉንም በገዛ እጁ እንደቆረጣቸው ነግሮኛል። የአባባ እጅ እኮ ወርቅ ነበር!»