ለአንድ ሰው ሰባት ኪሎ

እህቴ ዱባይ ላይ የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች ጊዜ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር። ሴት ልጅ መሆኗን ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በሰማንያ ቀኗ አባባ እንዲያጠምቋት እፈልጋለሁ፤ እዚህ ቄስ ጠፍቶ አይደለም፣ በእሳቸው እጅ እንድትጠመቅልኝ ነው" አለችኝ።

አባታችን ከወረታ ወጣ ብላ ፎገራ ሜዳ ላይ ባለች ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ቄስ ናቸው። ክረምት ሩዝ ያርማሉ፣ ውኃው ሲጎድል ጓያ ይዘራሉ። አውሮፕላን የሚያውቁት ከማሳቸው ላይ ቀና ብለው በማየት ብቻ ነበር። እኔ ወረታ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለምችል አብሬያቸው እንድሄድ ተወሰነ።

የእህቴ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሁለት ሰው ትኬት ለእሱ ቀላል ወጪ አልነበረም። እህቴ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ሰንብታ የአንድ የባሕር ማዶ ርካሽ አየር መንገድ ትኬት አገኘች። ዋጋው የሌላውን ግማሽ አይሞላም። "ቶሎ ግዥው" አልኳት። አባቴን አልጠየቅኋቸውም።

ስነግራቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የዶማ እጀታ እየጠረቡ ነበር። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ግን ወዲያው ጠየቁኝ።

"ለምን ረከሰ?"

"እኔ እንጃ አባባ። ርካሽ ነው።"

"ሐሙሲት ገበያ እኩያው ሁሉ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ አንዱን በሬ በግማሽ ቢሰጡሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ጥርሱን አያለሁ።"

"እንግዲያ የዚህንም ጥርሱን እንየው። ከትኬቱ ጋር የተጻፈ ነገር የለም?"

ነበረ። እህቴ በስልክ የላከችልኝን ትምህርት ቤት አሳትሜ ሳመጣው ብዙ ገጽ ሆነ፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው። እኔ ገረፍ ገረፍ አድርጌ ላልፈው ነበር። አባቴ ግን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ናቸውና፣ "መጀመሪያ ንባቡን አሰሚኝ፣ ከዚያ ትርጓሜውን እናያለን" አሉ። ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ቀን መለወጥ አይቻልም። ገንዘብ አይመለስም። በእጅ የሚያዝ ዕቃ ለአንድ ሰው ሰባት ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ ይከፈላል። የሚቀመጡበትን ለመምረጥ ይከፈላል። የጉዞ ወረቀቱን ቤት አሳትሞ ያልመጣ ይከፍላል። ምግብ ይሸጣል። በረራው ቢዘገይ፣ ሰዓቱም ቢለወጥ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም።

"ይሄ 'ኃላፊነት አይወስድም' የሚለው ስንት ቦታ አለ?" አሉኝ። ቆጥሬ "ስድስት" ስላቸው በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። አዲስ መጽሐፍ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስሉት።

በሁለተኛው ቀን ግን ያልጠበቅሁት ጥያቄ መጣ። "የምንሄደው መቼ ነው?"

በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን ወደ እኛ መልሼው አላውቅም ነበር። በጣቴ ቆጥሬ "ነሐሴ ዐሥራ አራት" አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። አባቴ ካህን ከሆኑ ጀምሮ የፍልሰታን በዓል ከደብራቸው ውጭ አሳልፈው አያውቁም። ሌላው አየር መንገድ በየቀኑ ስለሚበር በዓሉን አክብረው፣ በማግስቱ ተነሥተው ለሰማንያው ቀን ይደርሱ ነበር። ርካሹ የሚበረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ቀጣዩ በረራ ከጥምቀቱ በኋላ ነው።

"እህቴ ሌላ ትግዛ" አልኩ። "የዚህ ገንዘብ ይቀራል እንጂ…"

"ተይው" አሉና ተነሥተው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ጭቃውን እየረገጡ ወደ ጎረቤት ደብር ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ እግራቸውን እየታጠቡ፣ "እዚያ ያሉት ቄስ በዓሉን ይቀድሱልኛል፤ እኔ ደግሞ በጥቅምት ሁለት ሳምንት የእሳቸውን ሰሞን እሠራለሁ" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "ልጄ፣ ሁለተኛ በእኔ ቀን ላይ ስትወስኚ ጠይቂኝ" አሉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ሰባቱ ኪሎ መጣ። እናቴ ጉልበቷ ስለሚያማት አትሄድም፤ ስለዚህ ራሷ መሄድ ያልቻለችውን ያህል ዕቃ አሰናዳች። ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለአራሷ የገንፎ ዱቄት፣ ደግሞም ከራሳችን ማሳ የተሰበሰበ ሩዝ። የምናምነው ሚዛን ያለው ወረታ የሩዝ መፈልፈያው ቤት ስለሆነ ሁለቱን ሻንጣ ተሸክመን ሄድን። የአባቴ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሆነ። የወፍጮው ሠራተኞችና ሩዝ ሊያስፈለፍሉ የመጡት ገበሬዎች ከበቡንና ጉዳዩ የሁሉም ሆነ።

"ሰውየውንስ ይመዝኑታል?" አለ አንደኛው።

"ሰው አይመዘንም" አልኩ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። "ወፍራሙ ሰው ከነክብደቱ በነጻ ይገባል፤ እኔ ቀጭኑ ለአራት ኪሎ እከፍላለሁ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው።"

"የለበስኩትስ?"

"የለበሱት አይቆጠርም።"

ስለዚህ ወፍራሙ ካባቸው ከሻንጣው ወጥቶ የሚለበስ ሆነ። ሩዙ ተቀነሰ፤ ሩዝ እዚያም አይጠፋም። ከዚያ ነገሩ የብራና ዳዊታቸው ላይ ደረሰ፤ ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። እናቴ ሚዛኑን አይታ፣ "እንግዲህ ቅቤው ይቅር፤ እርስዎ ያለ ዳዊትዎ አይሆኑም" አለቻቸው።

አባቴ ዳዊቱን አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። "ዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቅቤውን ግን በቃሌ ላደርስላት አልችልም።"

ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ዳዊቱን ግን በነጠላዋ ጠቅልላ እስከ ቤት ድረስ እንደ ሕፃን አቅፋው ነው የሄደችው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚወስደን በረራ ሌላ ትኬት ነበር። እሱ ቢዘገይ ርካሹ አይጠብቀንም። ለዚህ ስንል ሁለት ቀን ቀድመን ተነሥተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰነበትን፤ አባቴ እርሻቸውን በአረም ወቅት ጥለው መጥተው የሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ። ከባሕር ዳር በተነሣው በዚያ የመጀመሪያ በረራቸው ከጎኔ ተቀምጠው፣ የሰጧቸውን ውኃ ይዘው ጣናን ከላይ ሲያዩ ነበር የሄዱት።

በሁለተኛው በረራ እሳቸውን አራተኛው ረድፍ፣ እኔን ሃያ ሰባተኛው ላይ አደረጉን። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት አብሮ መቀመጥ እንደሚያስከፍል በትሕትና ነገረችኝ። ልከፍል ስል አባቴ ያዙኝ። "የምቀመጠው ሰው መሀል አይደለም እንዴ?"

ከኋላ ሆኜ የሚታየኝ ጥምጥማቸው ብቻ ነበር። ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይቆያል፣ ቀና ይላል፣ እንደገና ያዘነብላል። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? ቀበቶው ሲፈታ ሄድኩ። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። ከእብናት ነው የመጣችው፤ ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ውኃ ጠይቃ ሲያመጡላት ክፈይ ስላሏት መልሳ ሰጥታለች። ያላት ብር ነው፤ ብር ደግሞ አይቀበሉም።

"እውነት ውኃው ይሸጣል?" አሉኝ አባቴ።

እህቴ ለመንገድ ብላ በሰው የላከችልኝ ጥቂት የዚያ አገር ገንዘብ ስለነበረኝ ሦስት ጠርሙስ ገዛሁ። አባቴ ሰዓት እስኪደርስ ስለማይቀምሱ የራሳቸውንም ለልጅቱ ሰጧት፤ ከካባቸው ኪስም ዳቦ ቆሎ አወጡላት። ከዳር የተቀመጠውን ሰውዬ ቦታ እንዲለውጠኝ ጠይቄው፣ እሱም እሺ ብሎ ሊነሣ ሲል አባቴ በእጃቸው ከለከሉ።

"ተመለሺ። አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ይቺ ልጅ አታውቀውም።"

ምን እንደተነጋገሩ የሰማሁት ከወረድን በኋላ ነው። ያረፍነው ሌላ ከተማ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርና ወደ እህቴ የሚያደርሰንን አውቶቡስ በሙቀት ስንጠብቅ፣ አባቴ ያን ካባ አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገው ነገሩኝ። "ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ለሁለት ዓመት ፈርማለች። መለወጥ አይቻልም፣ ከመሀል መመለስ አይቻልም፤ ከተመለሰች ትከፍላለች። ልክ እንደኛ ወረቀት ነው።"

"አንብባዋለች?"

"በዐረብኛ ነው የተጻፈው አለችኝ። ማንም አላነበበላትም።" የእህቴን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋት ነበር።

የፍልሰታን በዓል እዚያ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አከበሩ። በዕለቱ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። እሑድ ዕለት ግን ፈቃድ ያገኙት ሴቶች ግቢውን ሞሉት፤ አባቴም የመጣችውን ሁሉ እስኪመሽ ሲያናግሩና መስቀል ሲያሳልሙ እግራቸው አበጠ። እህቴ፣ "አዩ አባባ፣ በዓሉ አላመለጠዎትም" ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። እሳቸውም፣ "ይሄ ሌላ ጸጋ ነው። የደብሬ ሰው ግን ዘንድሮ አላገኘኝም" አሏት። እኔን ለማስደሰት ብለው እንኳ አላለዘቡትም፤ እኔም ለዚህ አከበርኳቸው።

ሕፃኗ ተጠመቀች። በሰማንያ ቀኗ፣ በአያቷ እጅ። እህቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለቀሰች።

መመለሻችን የተቆረጠው ከጥምቀቱ ዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ነበር፤ ርካሹ ቀን እሱ ሆኖ ነው። ጎረቤታችን ደውሎ የርብ ወንዝ ሞልቶ የማሳችን ዳር ድረስ እንደመጣ፣ አረሙም እንዳየለ ነገረን። አባቴ ዕለቱን ተነሥተው ሊሄዱ ደረሱ፤ ግን የት ይሄዳሉ? ያቺ የእብናት ልጅ በመሀሉ አንድ ጊዜ ደውላ አሮጊት ሴት ቤት መግባቷንና ደኅና መሆኗን ተናግራ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው አባቴ በየጠዋቱ ሕፃኗን አቅፈው በአሳንሰሩ ይወርዳሉ፣ ሕንፃውን ይዞራሉ፣ ዳዊት በቃላቸው እየደገሙ ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። በአምስተኛው ቀን ድምፃቸውን ስትሰማ መወራጨት ጀመረች። የምንሄድ ዕለት ለእናቷ ሊሰጧት ሲሉ የጢማቸውን ጫፍ ጨብጣ አልለቅም አለች፤ አባቴም ጎንበስ እንዳሉ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እስክናላቅቅ ድረስ፣ ሳይቸኩሉ ቆሙ።