ወደኋላ የሄደችው ዳክዬ

ባሕር ዳር ውስጥ ሣህሉ አምባቸውን የማያውቅ ሾፌር አልነበረም፤ የሚወደውም አልነበረም። የመንግሥት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነው። መኪናውን ያመጣለትን ሰው ሳይዘልፍ ኮፈን የከፈተበት ቀን የለም። «ይህን ያሰረው ማነው? በእጁ ነው በእግሩ?» ይላል። ሌላው ሁሉ ደደብ፣ እሱ ብቻ ባለሙያ። ደግሞ ባለሙያ ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ የከተማው ካድሬ ጓድ መርስዔ ኀዘን ጋራዥ ድረስ መጣ። የጣናዋ ደሴት የደቅ ቄስ ልጅ ነው። እስከ ዲቁና ደርሶ ተወው፤ እግዚአብሔር የለም ብሎ ሲያስተምር ውሎ ሲደነግጥ በስመ አብ የሚል ጉደኛ። ከጋራዡ ጀርባ በየብስም በውኃም የምትሄድ የሩስያ መኪና ሞተሯ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቆማለች። ሠራተኛው «ዳክዬ» ይላታል።

«በበዓሉ ዕለት ሕዝብ እያየኝ ጣና እገባባታለሁ። አስነሣት» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክንዱን መቼም ታስታውሰዋለህ» አለው።

ክንዱ ከሣህሉ በፊት ዋና መካኒክ ነበር። የአንድ ሹም መኪና ፍሬን አልይዝ ቢል አሻጥረኛ ተብሎ ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ።

ሣህሉ ፈራ። ምላሱ ግን አልፈራም። የሩስያውን ሞተር «ይህ ሞተር ነው የጠላ ጋን?» እያለ ነቅሎ ጣለና፣ ዱርቤቴ መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጣሊያን የጭነት መኪና ናፍጣ ሞተሩን ከነካምቢዮው አምጥቶ ገጠመላት። መቀመጫውን ቆርጦ በየደው፤ ዘንጉን አሳጠረው፤ ጎማው ዞረ። ከኋላዋ ያለው፣ በውኃ ላይ የሚያስኬዳት ውኃ ገፊ ግን ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር አልገናኝ ስላለው በመካከል አንድ ባለጥርስ መዘውር ጨመረ። መዘውር ሲጨመር ዙሩ እንደሚገለበጥ የጋራዡ ዘበኛም ያውቃል። ሣህሉ በራሱ ሥራ ሰክሮ ነበርና ውኃ ገፊው በየት በኩል እንደሚዞር ዞር ብሎ አላየም።

«አንዴ ውኃ ላይ እንሞክራት» ማለቱ ግን አልቀረም።

ካድሬው ፊቱን አጠቆረ። «ሳትመረቅ? ባልተባረከ ቤተ ክርስቲያን ይቀደሳል እንዴ?» አለና ከአፉ የወጣው ነገር አስደነገጠው። «ማለቴ፣ ሪባን ሳይቆረጥ ውኃ አይነካትም!»

የበዓሉ ዕለት ሪባኑ ተቆረጠ። ጓድ መርስዔ ኀዘን ጡጫውን ሽቅብ አንሥቶ ቆመ፤ ሣህሉ መሪውን ጨበጠ። በየቀበሌው ተጠርቶ የወጣው ሕዝብ «ወደፊት!» እያለ ይጮኻል። ዳክዬ እየተንገዳገደች ጣና ገባች፤ ተንሳፈፈች። ሣህሉ ውኃ ገፊውን አስነሣው። እሷም ቀስ ብላ፣ ኮራ ብላ፣ ወደኋላ ወደ ሕዝቡ ትመለስ ጀመር። ጩኸቱ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ ካድሬው፣ ጡጫውን ሳያወርድ፣ በጥርሱ መካከል።

 ያ ተወስዶ የቀረው ክንዱ በሣህሉ ፊት ድቅን አለ። ያቺ መዘውር! የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ዳክዬ ወደፊት ሄደች፤ ሕዝቡም እልልታውን አቀለጠው። ዞረው ዳር ሲደርሱ በጎማ ብቻ ሊወጣ ብሎ ውኃ ገፊውን ሊያላቅቅ ቢጎትት በድንጋጤ እጀታውን ሰበረው፤ ውኃ ገፊው ከጎማው ጋር መዞሩን ቀጠለ። አሁን የኋላ ማርሽ ሲሆን ጎማው፣ የፊት ማርሽ ሲሆን ውኃ ገፊው ወደ ሐይቁ ይጎትታታል። መውጣት አቃታት። በመጨረሻ ያ «ወደፊት» ሲል የነበረ ሕዝብ ገመድ አስሮ ጎትቶ አወጣቸው።

ሣህሉ መሪው ላይ እንደተጣበቀ የሚወስዱትን ሰዎች ጠበቀ። ካድሬው ወረደ፤ እርጥብ ሱሪውን አራገፈ፤ ሕዝቡን ቃኘ። ሣህሉን ካሰረ እሱ ራሱ ሁለት ሺህ ሰው ፊት ወደኋላ መሄዱን ማመኑ ነው።

«ጓዶች!» አለ። «ያያችሁት ስልታዊ ማፈግፈግ ነው! ጠላትን ለማዘናጋት ታቅዶ የተሠራ!»

ተጨበጨበ። ምን ያድርግ ሕዝቡ! ለሣህሉ እዚያው የኮከብ ሠራተኛ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለለት። ካድሬው እያቀፈው በጆሮው «እንዳትነካት። ካስተካከልሃት ተሳስተን ነበር ማለት ነው» አለው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሣህሉ በኋላ ማርሽ እየነዳ፣ ሕዝቡም በገመድ እየጎተተ በዓሉ ይከበራል። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ጥገና ነበር። የሰው ሥራ ሊያንቋሽሽ አፉን ሲከፍት ሾፌሮቹ «ስልታዊ ነው፣ ጋሼ ሣህሉ!» ይሉታል፤ አፉን መልሶ ይዘጋል። ነፍሱን አትርፏል፤ እፍረቱ ግን እንደ እሳት ይለበልበዋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ፀሐይወርቅ ሣጥን ስታጸዳ ሜዳሊያውን አጣችው።

«ያን ሜዳሊያህን ምን አደረግኸው?»

«የዚያች መዘውር ክዳን ላይ በየድሁት።»

«አበድህ? አንተ የተሸለምኸውን?»

«እኔ መቼ ተሸለምሁ!» አላት ሣህሉ። «የተሸለመችው እሷ ናት።»