ሰባተኛው ደቂቃ

ደምለው ሰው አያምንም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከኔ ፎቶ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ የድምፅ መቅጃ ክፍል አለችው፤ የሰርግ ዘፈንና መዝሙር ይቀዳባታል። ለአምስት ደቂቃ እንኳ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይቆልፋል። ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ቁልፉን አንድ ቀን አደራ ሰጥቶኝ አያውቅም። ድምፅ ብቻ ነው የማይዋሸኝ ይላል፤ ይህን ሲል ደግሞ ትክ ብሎ የሚያየው እኔን ነው።

ባለፈው ክረምት የሺዋስና ሥራነሽ የሚባሉ ወንድምና እህት ከሉማሜ መጡ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ የተናዘዙትን ሥራነሽ በስልኳ ቀድታዋለች። ሽማግሌው ቤታቸውን የሰጡት ስድስት ዓመት ላስታመመቻቸው ለሷ ነው። የሺዋስ ግን ከመሃሉ የሆነ ነገር ተቆርጦ ወጥቷል ባይ ነው። እሁድ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባሉ፤ ተቆርጧል ከተባለ ኑዛዜው ይወድቃል፣ እሷም ከቤቱ ትወጣለች።

ደምለው ፋይሉን ከፈተው። ስክሪኑ አሮጌና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ድምፅ ባንድ ገጽ እንዲታየው እያንዳንዱን ትራክ፣ የድምፁ ሞገድ የሚሳልበትን ረድፍ ማለት ነው፣ እንደ መቀነት አጥብቦ ነው የሚያስቀምጠው። ንግግሩ ከፍ ዝቅ እያለ ሄዶ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ሆነ። ከዚያ ድንገት እንደ ገደል ቀጥ ያለ ጠርዝ መጣና ሌላ ንግግር ቀጠለ።

ሥራነሽ የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይለ ሚካኤል ዝጊው ብለዋት እንደዘጋችው፣ ቆይተው ሲጠሯት መልሳ እንደከፈተችው ተናገረች። መምሬ ግን ከሁለት ወር በፊት ገዳም ገብተዋል፤ ስልክም የላቸውም። ደምለው ይህን ሲሰማ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ምን ልደብቅ፣ እኔም ጠረጠርኳት። ምስክሯ የማይገኝ ሰው መሆኑ አላማረኝም።

«ተቆርጧል» አለ ደምለው። «እጅ ገብቶበታል።»

የሺዋስ ፊቱ በራ፤ ለሽማግሌዎቹ የሚያሳየው ወረቀት ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠው ጠየቀ። ደምለውም የተቆረጠበትን ቦታ በሥዕል አትሞ ሊሰጠው ፈለገ። ባለማኅተም ሰው መሆን ደስ ብሎታል መሰለኝ። ሥዕሉ ጉልህ እንዲሆን ሌሎቹን ትራኮች ዘጋና ያንን አንዱን ስክሪኑ እስኪሞላ ድረስ ወደ ላይ ዘረጋው፤ ሰባተኛዋን ደቂቃም ወደ ጎን ለጠጣት።

ጠፍጣፋው መስመር ጠፍጣፋ አልነበረም። ትንንሽ ሞገዶች ነበሩበት።

ደምለው እጁ መዳፊቱ ላይ ቀረ። ማዳመጫውን አጠለቀና ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ደጋግሞ ሰማ። ፊቱ ሲለወጥ ሌባ የያዘ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅሎ ለሁላችንም ለቀቀው። ከስልኩ ራቅ ብለው ቀስ ብለው የሚናገሩ የቄስ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ንስሐቸውን ሊነግሩኝ ነው፤ ይህ ላንቺም ለስልኩም አይሆንም። ዝጊውና ውጪ። ስጨርስ እጠራሻለሁ።»

የሺዋስ ድምፁን አወቀው፤ እሳቸው ናቸው። ግን ጥርጣሬ ልማድ ይሆናል መሰለኝ፣ አሁን ደግሞ ወደ ደምለው ዞረ።

«አንተ ያስገባኸው ቢሆንስ?»

ደምለው ጆሮው ቀላ። ሲጠረጠር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልክድም። ማዳመጫውን ለየሺዋስ ሰጠው፤ ቄሱን ሳይሆን ከድምፃቸው ሥር ያለውን ስማ አለው። ከቄሱ ንግግር ሥር፣ ከስልኩ አጠገብ፣ አስም የያዘው ሰው ትንፋሽ ሳይቋረጥ ያፏጫል። የሺዋስ የአባቱን ትንፋሽ አወቀው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አባቱ ሲሞቱ እሱ አዲስ አበባ ነበር።

ደምለው ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ መልሶ ዘጋው። ወደ ሥራነሽ ዞሮ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት አላት፤ ትራኩ ጠቦ ስለነበር እንዳልታየው ሊያስረዳት ጀመረ። አላስጨረሰችውም። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ወንድሜስ ቤቱን ፈልጎ ነው» አለችው። «እርስዎን ግን ምን አድርጌዎት ነው?»

ወጥታ ስትሄድ ደምለው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እሷን ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ሮጠ፤ በሩን ሳይቆልፍ።