መነጽር ሠሪው መፍጫ ሲመርጥ

ባሌ ሰው አይቆጣም። ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ያናድደኛል። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤቱ ውስጥ፣ መብራቱ ደብዘዝ ባለ ክፍል ተቀምጦ፣ የሰው ዓይን ላይ መስታወት እየቀያየረ፣ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ «አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?» ሲል ይውላል። ደንበኛው «እኔ እንጃ» ካለው፣ «ምንም አይደል፣ ደግመን እንየው» ይላል። ደግመው ያያሉ። አሁንም ደግመው ያያሉ። እኔ ብሆን መስታወቱን አናቱ ላይ ሰብሬለት እገላገል ነበር።

ይሄ አመሉ ሱቁ ውስጥ ቢቀርለት ምንም አልነበረም። ግን ቤት ድረስ ይከተለዋል። መጋረጃ ስንገዛ ባለሱቁን ሊያስለቅሰው ምንም አልቀረው። ጫማ ሲለካ አንድ እግሩን ጥቁር፣ አንድ እግሩን ቡኒ አጥልቆ መንገድ ዳር ሲመላለስ አይቼው፣ የማላውቀው ሰው መስዬ አልፌዋለሁ። እኔን እንዴት እንደመረጠኝ ራሱ ይገርመኛል። ጠይቄው ነበር። «እኔ መቼ መረጥኩሽ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የመረጥሽኝ!» አለኝ። እውነቱን ነው።

እንግዲህ የቡና መፍጫ ልምረጥ ብሎ የተነሳው ይህ ሰው ነው። ያስነሳው ደግሞ አባቴ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖር ነበር። በቅርቡ ድስት ጥዶ፣ ምድጃው እንደተለኮሰ እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤቶች ጭሱን አይተው በሩን ገንጥለው ነው ያወጡት። እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «ምን ያንጫጫችኋል? ምንም አልሆንኩም!» እያለ ይቆጣል። ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ነው የሚለው። እኛ ጋ ና ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ወይ ፍንክች! ስንትና ስንት ተለምኖ፣ «እሺ፣ ለጥቂት ቀን በእንግድነት እመጣለሁ። ከተስማማኝ እናያለን» አለ።

መጣ። ክፍሉን አየ፤ «ጥሩ ነው» አለ። አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ «ጥሩ ነው»። መስኮቱ ዋናውን መንገድ ያሳያል፤ አላፊ አግዳሚውን ሹፌር እየሰደበ መዋል ይችላል፤ እሱንም ወደደው። እሰይ ብዬ ቡና አፈላሁለት። ያን ጊዜ ተፈጭቶ የታሸገውን ነበር ከሱቅ የምንገዛው። አንዴ ፉት አለና ስኒውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡና ነዋ አባዬ!»

«ይሄማ የስኒ እጣቢ ነው። እንዴት አድርጎ ነው ሰው እጣቢ እየጠጣ የሚኖረው? በይ፣ እኔ እሁድ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

እኔ ልጁ ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ። ሰበብ እየፈለገ ነው። «ሸክም ልሁንባችሁ ወይ» ብሎ ከመናገር ሞቱን ይመርጣል፤ ስለዚህ ቡናው ላይ ዘመተ። ባሌ ግን የተባለውን እንደተባለ ነው የሚሰማው። ኩሽና ተከትሎኝ ገብቶ በሹክሹክታ፣ «እሳቸው ልክ ናቸው። ቡና ተፈጭቶ ሲቆይ ጣዕሙ ይጠፋል። የሚያስፈልገን መፍጫ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ሦስት መፍጫ ታቅፎ መጣ። ያልተፈለገውን እመልሳለሁ ብሎ ባለሱቁን አስማምቶት ነው፤ ምስኪን፣ ከማን ጋር እንደተዋዋለ አላወቀም። አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውስጡ ቢላዋ የሚሽከረከርበት ነው፤ ሲነሳ ቤቱ አብሮ የሚነሳ ነበር የሚመስለው። ሁለተኛውም የኤሌክትሪክ ነው፤ ፍሬውን በሁለት ጥርሳም ብረቶች መሀል እያሳለፈ ይፈጫል። ሦስተኛው የእጅ መፍጫ ነው፤ ከላይ የሚዞር እጀታ፣ ከታች ዱቄት የሚጠራቀምባት ትንሽ መሳቢያ አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይይዛል። የእኔው ጉድ ከሦስቱም ፈጭቶ፣ ዱቄቱን ነጭ ወረቀት ላይ በትኖ፣ በአጉሊ መነጽር ያየው ጀመር።

«ይኸውልሽ፣ የቢላዋው ይቆራርጣል እንጂ አይፈጭም። አንዱ ልሞ ዱቄት ሆኗል፣ አንዱ ጠጠር ነው። የላመው ይመራል፣ ጠጠሩ ደግሞ ውኃ ውኃ ይላል።»

«ታዲያ መልሰዋ!»

«ቆይ እስቲ፣ ይቀመስ።»

የሚቀምሰው ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኛ! ውኃ ያፈላል፣ በወረቀት ማጣሪያ ያንቆረቁራል፣ ሁለት ስኒ ፊቴ ይደቅናል። «አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?» መለስኩለት። ለወጠና አመጣ። መለስኩለት። ቡናው አናቴ ላይ ወጣ። ማንም ሳያዘኝ የቤቱን መስኮት በሙሉ ወለወልኩ፤ ያ አልበቃኝ ብሎ የጎረቤቴን በር ወለወልኩ። መጨረሻ ላይ ሁለት ስኒ ሲያመጣልኝ፣ «ሁለተኛው! ምን ጥርጥር አለው፣ ሰማይና ምድር ናቸው!» አልኩት።

«ሁለቱም ከአንድ ማንቆርቆሪያ ነው የተቀዱት» አለኝ፣ በዚያው በማባበያ ድምፁ።

ለካ የሙያው ተንኮል ነው! ደንበኛ እውነቱን ይናገር፣ በግምት ይመልስ ለማወቅ፣ ያንኑ መስታወት አውልቀው መልሰው ያሳዩታል አሉ። ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ፊቴን አዙሬ ነው የተኛሁት፤ እንቅልፍ ባይመጣም።

ይሄንኑ ተንኮል ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ላይ አመጣው። በሩ ላይ ቆሜ «ተው! ተው!» እያልኩ እጄን አወዛወዝኩ፤ ማን አይቶኝ! አባዬ ከፊተኛው ስኒ ቀመሰ። «እጣቢ» አለ። ከኋለኛው ቀመሰ። «ይሄ ደግሞ ጭቃ ነው። ጭራሽ ባሰበት!»

ባሌ ክፋት የለውም። አፉ ሙያውን ለምዶ ነው፤ አምልጦት፣ «ይቅርታ አባባ፣ ሁለቱም አንድ ቡና ናቸው» አለ።

አባዬ ፊቱ ቀልቶ ተነሳ።

«ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ አባባ...»

«ስንት ሕዝብ ነፍሱን አምኖ ሰጥቶኝ ስነዳ የኖርኩ ሰው! አንተ በስኒ ትፈትነኛለህ? አንተ መነጽር! ነገ ጠዋት ታክሲ ይጠራልኝ!» ብሎ ገብቶ በሩን ድርግም አደረገው። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲንኳኳ ሰማን።

ባሌን ኩሽና ውስጥ ያዝኩት። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ልክ ባትሆን ምን ነበረበት? አባቴ ያን ቤት ከነራሱ ያቃጥለው? እ?» እያልኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሱ መነጽሩን አውልቆ ይጠርገው ጀመር። ጠረገው፣ ጠረገው፤ ንጹሕ ነበር እኮ። «አስተካክለዋለሁ» አለኝ። «በምን? በአጉሊ መነጽር?» አልኩት። ክፉ ነኝ፣ ግን በጣም ፈርቼ ነበር።

ጠዋት አባዬ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሻንጣውን አጠገቡ አቁሞ፣ ሳሎን በሩ ሥር ተቀምጦ ታክሲ ይጠብቃል። ባሌ የእጅ መፍጫውን ይዞ ከኩሽና ወጣና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ። ይፈጭ ጀመር፤ መፍጨት ከተባለ። መፍጫውን አየር ላይ ይዞ እጀታውን ድንገት ይመነጭቀዋል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ያዞራል። «ግርርር... ቋ!» ፍሬው ይፈናጠራል። አንዷ ሄዳ የአባዬ ጫማ ላይ አረፈች።

አባዬ ጣሪያውን አየ። መስኮቱን አየ። ከዚያ ግራ እግሩ ሳይታወቀው ምንጣፉን ይረግጥ ጀመር፤ ማርሽ ሊያስገባ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ነበር የሚመስለው። «ግርርር... ቋ!» ሲል፣ አልቻለም።

«ቀስ! ቀስ በል አንተ ሰው! ማርሽ ትሰብራለህ!»

«እንዲህ ነው አባባ?» አለና ባሌ ባሰበት።

ይሄ ሰው እኮ ለዓይን የማትታይ ብሎን መነጽር ላይ የሚያስር ነው! እጁ ቀጥ ያለ ነው! «አንተ፣ ምን ነካህ...» ልለው ጠጋ ብዬ አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ። ከተጋባን ጀምሮ እጁን እንኳ አንስቶብኝ የማያውቅ ሰው፣ አጥብቆ ረገጠኝ።

«ስጠኝ ወዲያ!» አባዬ መፍጫውን ነጠቀው። የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መፍጫውን በጉልበቶቹ መሀል አጣበቀና ያዞር ጀመር፤ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ። «እየው! ስትነሳ በዝግታ ነው። ከያዘልህ በኋላ ፍጥነትህን አትለዋውጥ። ተሳፋሪ ጭነሃል፣ ምን ያዘልልሃል!» መሳቢያዋን ከፍቶ ዱቄቱን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ፣ አሸተተና ለባሌ አቀበለው። ባሌ ውኃውን አፍልቶ ቡናውን አጠለለው። አንድ ስኒ ብቻ ቀድቶ ሰጠው። ምንም አልጠየቀም። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመናችን ምንም ሳይጠይቅ ሲቀር ያየሁት ያኔ ነው።

አባዬ ጠጣ። በገዛ እጁ የፈጨውን ምን ይበለው?

«ሰው ይጠጣዋል» አለ። ከአባቴ አፍ ይሄ ከወጣ ጉንጭ እንደመሳም ነው።

ታክሲው ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ነፋ። አባዬ መስኮቱን በርግዶ፣ «ሰምተናል! ምን ያስጮኽሃል? ሞተርህን አጥፋና ግባ፣ ቡና ጠጣ!» አለው። ባለታክሲው ግራ እየተጋባ ገባ፤ እንደቆመ ጠጣና፣ «የኔ እናት፣ ግሩም ቡና ነው» አለኝ።

«እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የፈጨሁት» አለ አባዬ።

«እጅዎ ይባረክ አባት። ሻንጣው ይኸው ነው?»

አባዬ ሻንጣውን አየ፤ ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ፍሬ የሚለቅመውን ባሌን አየ።

«አይ፣ ዛሬ አልሄድም። እኔ ከሄድኩ የነገውን ማን ሊፈጨው ነው? ይሄ? እስኪለምድ ልቆይለት እንጂ ምን ይደረጋል!»

ባሌ አንገቱን ደፋ። «እኔማ እንዲህ በቀላሉ የሚገባኝ አይመስለኝም አባባ» አለ።

ባለታክሲው አመስግኖ ሄደ። እኔ አባዬ ሐሳቡን ሳይቀይር ሻንጣውን ልመልስ ብዬ ተጣደፍኩ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ወገቤን ጠበቅ አድርጌ ብድግ ሳደርገው፣ ከእጄ በርሮ ግንባሬን ሊለኝ ምንም አልቀረው። ባዶ ነበር። አንድ ካልሲ እንኳ አልከተተበትም።

ዞር ብዬ አየሁት። ስኒው ውስጥ አቀርቅሯል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ሻንጣውን ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ እንደገና አነሳሁት፤ አሁን ጎንበስ ብዬ፣ እያቃሰትኩ፣ ምንጣፉ ላይ እየጎተትኩ።

«ኡፍፍ! አባዬ፣ ምን ብትጭንበት ነው እንዲህ የሚከብደው?»

«ቀስ ብለሽ ያዢው ልጄ፣ ወገብሽን» አለኝ።